የአዳራሹ የኋላ በር

ወዳጆ ሰው ቤት ሲገባ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሳያይ «እንደምን ዋላችሁ» አይልም ነበር። ባሌ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አመሉን ላስተወው ያልሆንኩት የለም። ሠርግ ቤት ገብቶ ጣሪያ ያያል፣ ክርስትና ቤት ገብቶ ጣሪያ ያያል። አንድ ጊዜ ራቤል ከተማ ለቅሶ ሄደን ሰዉ ሁሉ ደረቱን ሲመታ፣ እሱ አንገቱን ሰቅሎ ማገር ይቆጥራል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ምስኪን! እንዴት አንጀቱ ቢቃጠል ነው እንዲህ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ» ብለው አዘኑለት። እኔ እፍረቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ስንወጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጥሩዬ፣ የዚህ ቤት ጠርዙ ላይ በቂ ሚስማር የለም። መጋቢትን አያልፍም።» ኧረ ወዲያ፣ አንተ ሰውዬ! አልኩት። ለካ ልክ ነበር፤ መጋቢት ሳያልቅ ንፋስ ገለጠው።

ዛሬ እሱ የለም። ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥሩሸዋ ባሏን ገና አልረሳችም ይሉኛል። ለምን እረሳዋለሁ? የምረሳው ሰው አላገባሁም።

መንደራችን ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ወዳጆ እዚያው ተወለደ፣ እዚያው ቤት መክደን ተማረ፣ እዚያው አረጀ። እኛ ልጆች ሳለን ክዳን ማለት ሣር ነው፣ ሣር ማለት ደግሞ የጓሳ ሣር ነው። ማንም እንደፈለገው ብድግ ብሎ አያጭደውም። ጓሳ የሚባለው የጋራ መሬታችን ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይገባበትም። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሎች መክረው «ተከፈተ» ያሉ ቀን ግን አገሩ በሙሉ ማጭዱን ስሎ፣ አህያና ፈረሱን ነድቶ ይተማል። አቤት ያን ጊዜ! ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፣ ጉሙ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ይሰውራል፣ ሳቅና ጨዋታው ግን አያድርስ ነው። ማን የት እንዳለ በድምፁ ነበር የምንለየው። አሁን ያን ሳስታውስ ብርዱ ትዝ አይለኝም፤ ሳቁ ብቻ ነው የቀረኝ።

የደብራችን የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ክዳን የታደሰው በአንዱ እንዲህ ባለ ዓመት ነው። ወንዶቹ ጣሪያው ላይ ወጡ፤ እኛ ሴቶቹ ሣሩን በእስር በእስር እያደረግን እስከ ቅጥሩ እናደርሳለን። ከላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ ጠፍሩን በጥርሱ ይዞ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ እየደረበ ያስራል። ቁልቁል አየኝና «ያቺ ሣሩን እንደ ሕፃን ያቀፈችው ልጅ! በሥሩ አዙሪው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ዝም እላለሁ? «ከላይ ሆኖ ማዘዝማ ማን ያቅተዋል! ወርደህ ተሸከም!» አልኩት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የሚገርመው፣ እውነትም ወርዶ ከእቅፌ እስሩን ተቀበለኝ። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ።

ቆርቆሮ አገራችን ሲገባ አኮረፈ። «ይሄ ጣሪያ ነው ነጋሪት? ዝናብ ሲመታው ሰው አያነጋግር» ይል ነበር። ሣር የሚያስከድን ሰው እየጠፋ ሲሄድ ግን ማኩረፉ እንጀራ አይሆንም፤ ደብረ ብርሃን ወርዶ አናጢዎች ጋር ሁለት በጋ ሠርቶ ተማረ። ሲመለስ እንደ አዲስ ሙሽራ ነበር፣ ወሬው ሁሉ ቆርቆሮ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ንፋስ ጣሪያን ወደ ታች የሚጫነው ይመስልሻል?» አለኝ። ከእየሩስ ደብተር ቅዳጅ ወረቀት አነሣ። እየሩስ አንድያ ልጃችን ናት፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ወልዳ ከብዳ ትኖራለች። ወረቀቱን ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ያዘና ከላዩ ላይ እፍ አለበት። ይወርዳል ስል ወረቀቱ ብድግ አለ።

«አየሽ?» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። «የተነፈስኩት ከላዩ ነው፤ እሱ ግን ተነሣ። ንፋስም በጣሪያ ላይ ሲሮጥ ወደ ላይ ይስበዋል። የሚብሰው ደግሞ ጠርዙና ማዕዘኑ ላይ ነው። አንድ ቆርቆሮ ጥግ ላይ ከተፈታለት የቀረውን ተራ በተራ ይገልጠዋል።»

«ታዲያ ሣሩን ለምን እንዲህ አያደርገውም?»

«ሣር ይተነፍሳል። የገባው ንፋስ በየቀዳዳው ይወጣል። ቆርቆሮ አይተነፍስም።»

«ከቆርቆሮው ጋር ነበር መጋባት የነበረብህ» አልኩትና ሳህኔን አነሣሁ። ያን ቀን ያለኝን ልብ ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጣ። በእኛ አገር ያን የሚያህል ጣሪያ አልነበረም፤ ርዝመቱ በወዳጆ እርምጃ አርባ ነው። ሥራውን ለእሱ ሰጡት። ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ላይ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅም እዚያው። ምሳውን ይዤ እሄድና ከታች እጠራዋለሁ፤ «አንድ ሚስማር ብቻ!» ይለኛል። አንድ ሚስማር ብሎ ሃያ ይመታል። ጠርዙ ላይ ሚስማሩን በየጉብታው አበዛው፣ በየሚስማሩ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች ክብ አደረገ፣ ማገሩን ከወራጁ ጋር በሽቦ ጠፈረው። ሲያልቅ አዳራሹ መሐል በጀርባው ተኛና ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ ሲያየው ዋለ። «ምን ትሠራለህ?» ብለው «ዝም በይ፣ ልጥገብ» አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ የዚያው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የአዳራሹ ቁልፍ ከእኔ ወገብ አይለይም። ወዳጆ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ንፋስ ሲነሣ በሩን ዝጊ።» አዳራሹ ሁለት በር አለው፣ የፊትና የኋላ። የትኛውን አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የበልጉን ገብሳችንን ወቅተን ነበር። ወዳጆ ለሥራ ራቤል ሄዷል። ገብሱ ገና ከገለባው አልተለየም። ሰማዩ ጠቆረ። ያ ገብስ ዐውድማ ላይ ዝናብ ቢያገኘው የዓመት እህላችን መብቀሉ ነው። ምን ላድርግ? ቁልፉ አለኝ፣ አዳራሹ ባዶ ነው፤ በአህያ እያመላለስኩ አስገባሁት።

እዚያ ካስገባሁት በኋላ ደግሞ ብልጠቴ መጣ። የፊቱን በር ብከፍተው ያ ሁሉ ንፋስ ይገባል፤ ለምን እዚሁ አላዘራውም? በሣር ቤታችን እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ በሩን ከፍታ፣ ንፋሱን ተቀብላ፣ ትንሽ ትንሽ እያነሣች ታዘራለች። ሁለቱንም በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና የማዝሪያ ላይዳዬን አነሣሁ። ገብሱን ወደ ላይ ስወረውረው ንፋሱ ገለባውን በኋላው በር ይዞልኝ ይወጣል። እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ ጥሩሸዋ! እያልኩ ራሴን አወደስኩ።

ንፋሱ እየበረታ ሲመጣ ግን ገብሱም ከገለባው ጋር በኋላው በር መሄድ ጀመረ። ፍሬው ጭቃ ላይ ሲበተን አየሁ። ሄጄ የኋላውን በር ዘጋሁት። በር ዝጊ ተብዬ የለ? ዘጋኋ! መቀርቀሪያው ላልቶ ስለነበር የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ከውስጥ ደገፍኩበት። የፊቱን ወለል አድርጌ እንደከፈትኩት ተውኩት።

ወደ ገብሴ ሳልደርስ ጆሮዬ ድፍን አለ። ገደል የወረድኩ ይመስል። ቀና ስል ጣሪያው እንደተነፋ አቅማዳ አብጧል። እግዚኦ! ከማለቴ ግድግዳውና ጣሪያው መሐል ብርሃን ገባ። ሽቦው ሲበጠስ ሰማሁት፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ የጣሪያው ግማሽ አንድ ላይ ተነሣና ሄደ። ገብሱ በሙሉ ተነሥቶ ፊቴን ገረፈኝ። ዝናቡ በላዬ ወረደ። 

ተርፌያለሁ፤ ጭረት እንኳ አልነካኝም። ታዲያ እግዜር ላተረፈኝ ምን መለስኩለት? ድንጋዩን በእግሬ ወደ ውጭ ገፍቼ የኋላውን በር ቀረቀርኩት። በፊቱ ወጣሁና ቆለፍኩት። እስቲ አስቡት፣ ጣሪያ የሌለው ቤት በር ቆለፍኩ! ሰው እየሮጠ ሲመጣ ሁለቱም በር ዝግ ነው፤ እኔም እንደ እነሱ እየጮኽኩ ነው። ገብሱን ሲያዩት «ከዝናብ ላስጠልለው አስገብቼው ነበር» አልኩ። ማንም ሌላ አልጠየቀኝም።

ወዳጆ በማግስቱ ከራቤል መጣ። በሩን ከፈትኩለት። እንደ አመሉ ቀና አለ። ደመና ነው ያለው።  ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አደረገና አለቀሰ። ወላጆቹን ስንቀብር እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር።

አገሩ ወዲያው ፈረደ። ሚስማሩን ቆጥቦ ነው አሉ፣ ሸሽጎ ለሌላ ሥራ አውሎት ነው አሉ። «ወዳጆ ንፋስ» የሚል ስም ወጣለት። ቤት የሚያሠራ ሰው ሌላ አናጢ ይጠራል፤ እሱም ከሥራ ወጥቶ በግ መጠበቅ ገባ። በዚያ ክረምት ገብሱ ከአዳራሹ ግድግዳ ሥር በየስንጥቁ በቀለ። ሳየው የሚያጋልጠኝ እየመሰለኝ ጎንበስ ብዬ እነቅለው ነበር።

እሱ ግን አልተወውም። ሦስት ማሳ ዘሎ የወደቀውን አንዱን ቆርቆሮ ከነማገሩ ተሸክሞ አመጣና የበጎቹ በረት መዝጊያ አደረገው። ጠዋት ማታ ያየዋል፣ ይዳስሰዋል። «ተመልከች፣ ሚስማሩ አልተነቀለም። እንጨቱ ነው አብሮ የሄደው። ከላይ የሳበው ብቻ ቢሆን ጠርዙን ነበር የሚገልጠው። ይሄ ከሥር ተገፍቷል። ከሥር ግን ምን ይገፋዋል? በሩ ዝግ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይላል። «ዝግ ነበር አይደል ጥሩዬ?»

«ዝግ ነበር» እለዋለሁ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ስድስት ዓመት እንዲህ አለኝ፣ ስድስት ዓመት እንዲህ አልኩት። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ፣ በመጨረሻ ግን የፈራሁት እሱን ነው። አንድ ዓመት የዋሸ ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ እንዴት አፉን ይከፍታል? ለነፍስ አባቴ ለቄስ ገብረ አማኑኤል ተናዝዣለሁ። ጾም ይስጡኝ፣ ስግደት ይስጡኝ አባቴ ብላቸው፣ ሰጡኝና «ይሄ ለእግዚአብሔር ነው፤ ለወዳጆ ያለብሽን እኔ ልከፍልልሽ አልችልም» አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩት። የወዳጆን አልከፈልኩም።

በ2015 ጥር ላይ የሚካኤል የሣር ክዳን ጨርሶ አረጀ፤ ዝናቡ ሥዕሉ ላይ መውረድ ጀመረ። ምእመናኑ ቆርቆሮ አዋጥተው ገዙ። ወዳጆ ያን ሰሞን እህል አልበላ አለው። «በጉብዝናዬ ሣሩን የጫንኩለት እኔ ነኝ። ቆርቆሮውንም ጭኜለት ብሞት ሌላ አልመኝም» አለኝ። ለስድስት ዓመት ምንም ነገር ሲመኝ አልሰማሁትም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ቅጥሩ ውስጥ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኛ በአንድ ወገን ተቀመጥን። ሊቀ መንበሩ በኃይሉ ይባላል፤ መሐል ሜዳ ገበያ ሱቅ ያለው፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። ተነሣና «ጋሽ ወዳጆን እናከብራቸዋለን፤ ሙያቸውንም እናውቃለን። ግን የአዳራሹን ነገር ሁላችን አይተናል። ነገ ታቦቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ከደብረ ብርሃን ሰው እናምጣ» አለ።

ዓይኔን ወዳጆ ላይ ተከልኩ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ምነው በተቆጣ! ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«በኃይሉ ልክ ነው» አለ። «ያ ጣሪያ ለምን እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቀውም። የሠራው ነገር ለምን እንደፈረሰ የማያውቅ ሰው፣ ቤተ መቅደስ ላይ መውጣት የለበትም። ሌላ ሰው አምጡ።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ቄስ ገብረ አማኑኤል መሬት መሬቱን ያያሉ። ቀና ብለው ቢያዩኝ ኖሮ ምናልባት እልህ ይይዘኝና ዝም እል ነበር። አላዩኝም። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«እኔ አውቃለሁ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ለምን እንደሄደ እኔ አውቃለሁ። ሚስማሩ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። የፊቱን በር ከፍቼ ገብስ ሳዘራ ነበር።»

ሁሉንም አወራሁት። ገብሱን፣ ላይዳውን፣ ድንጋዩን፣ ቆልፌ መውጣቴን። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ወዳጆ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መትቶኝ የማያውቅ ሰው።

«የፊቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር?» አለኝ።

«ወለል ብሎ።»

«የኋላው ደግሞ ዝግ?»

«ገብሱ እንዳይሄድብኝ ዘጋሁት። በድንጋይ ደገፍኩት።»

«ከመሄዱ በፊት ጆሮሽ ድፍን ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«እሰይ!» ብሎ ጭኑን መታ። «ከሥር ነው! ብዬ አልነበር? ከሥር ነው የተገፋው!» ዱላውን አነሣና አፈሩ ላይ አዳራሹን ይሥል ጀመር። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ከበበው። «ተመልከቱ፤ ንፋሱ በዚህ ገባ። መውጫ አጣ። ሁለቱም በር ተከፍቶ ቢሆን አልፎ ይሄድ ነበር፣ ሁለቱም ዝግ ቢሆን ከላይ ያለውን ብቻ እንችለው ነበር። አሁን ግን ከላይ ይስበዋል፣ ከውስጥ ይገፋዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ የትኛው ሽቦ ይችላል? ለዚህ ነው እንጨቱ አብሮ የሄደው! ለዚህ ነው ሚስማሩ...»

እዚህ ላይ አቋረጠ። ዱላው እጁ ውስጥ ቀረ። ቀና ብሎ አየኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጣሪያውን ነበር የሚያስበው፤ አሁን ገና እኔ ትዝ አልኩት። ዱላውን ጣለና ማንንም ሳይሰናበት ከቅጥሩ ወጣ። በኃይሉ ከኋላው «ጋሽ ወዳጆ፣ ይቅር ይበሉን! ሥራው የእርስዎ ነው!» እያለ ተጣራ። አልዞረም።

ስምንት ቀን አላናገረኝም። ያቀረብኩለትን ይበላል፣ «ተመስገን» ብሎ ይነሣል፤ ተመስገኑ ለእግዜር ነው፣ ለእኔ አይደለም። በስምንተኛው ቀን በረቱ ጋ ቁጭ ብሎ ያን ቆርቆሮ ሲፈታ አገኘሁት። ቀና ሳይል ተናገረ።

«አገሩ ሌባ ሲለኝ ችዬዋለሁ። አልሰረቅኩማ። እኔን የበላኝ ሌላ ነው። ሌሊት እየተነሣሁ፣ የቱ ጋ አነስኩ፣ የቱን ሚስማር ዘለልኩ እያልኩ በጣቴ ስቆጥር፣ አንቺ ነቅተሽ ነበር?»

ተኝቼ ነበር ብለው ያምነኝ ነበር። ሁልጊዜም ያምነኛል።

«ነቅቼ ነበር» አልኩት።

  ተነሥቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ያ ድንጋይ ከአዳራሹ ኋላ ሣር ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ነበር። ሰው ሲበድል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በለኝ ይላል፤ የእኛ አገር ወግ ነው። እኔ ሌላ ድንጋይ አልፈለግኩም። ማጅራቴ ላይ አደረግኩትና በመንደሩ መሐል አልፌ መጣሁ። ያየኝ ሁሉ ከመንገድ ዞር እያለ አሳለፈኝ። ደጃችን ስደርስ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

ወዳጆ ወጣ።  «ያ ድንጋይ ነው?» አለኝ።

«እሱ ነው።»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«ስድስት ዓመት ተሸክመሽዋል ለካ» አለና በሁለት እጁ ከማጅራቴ ላይ አነሣልኝ። ያን ጊዜ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ድንጋዩ ዛሬም ደጃፌ አለ፤ ፀሐይ ስሞቅ እቀመጥበታለሁ።

የሚካኤልን ጣሪያ እሱ ከደነው። ጉልበቱ ደክሟል፣ የመንደሩ ጎረምሶች ላይ ሆነው እሱ ከታች ያዛል፤ ጠርዙ ሲደርስ ግን ማንንም አላስነካም፤ ራሱ ወጣ። እኔ ከታች ቆሜ ጎማውን እቆርጥለታለሁ። «ያቺ ልጅ! አሳንሰሽ ቁረጭ!» ብሎ ከላይ ጮኸብኝ። «ከላይ ሆኖ ማዘዝማ ማን ያቅተዋል!» አልኩት። ሌላ ሰው አልገባውም፤ እኛ ሁለታችን ግን ሳቅን። ያ የጥንቱ የሣር ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

በተከታዩ ዓመት ሰኔ ላይ ወዳጆ አልጋ ይዞ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ንፋሱ ከጓሳ በኩል እያፏጨ መጣ። የበረቱን አጥር ሲነቅለው በመስኮት አየሁ። ወዳጆ በክንዱ ተደግፎ ተነሣ።

«ጥሩዬ፣ ሂጂ የሚካኤልን በሮች እይልኝ» አለኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ንፋሱ ነጠላዬን ነጥቆኝ ሄደ። ዘበኛው በጎቹን ሊሰበስብ ወጥቶ፣ የምዕራቡ በር ንፋሱ ፊት ለፊት ወለል ብሏል። በትከሻዬ ገፍቼ ዘጋሁት። ዞሬ የሰሜኑን አየሁ፣ የደቡቡን አየሁ፤ ዝግ ናቸው። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቀና አልኩ። ጠርዙ አልተነቃነቀም። ዝናቡ ሲመጣ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ቆርቆሮው እንደ ነጋሪት መታ።

በስብሼ ተመለስኩ። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

«ዘጋሽ?» አለኝ።

«ዘጋሁ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

እንደ ድሮው «ዝግ ነበር አይደል?» ብሎ ይደግምልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልደገመም። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ንፋሱ እያፏጨ፣ ተኛ።